የዘይነባ ሳል

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፪፣ ካርቱም

ዛሬ ዘፋኙ ዳዊት ጊታሩን አዝሎ ካፉሪ ሰፈር፣ የምሠራበት ቤት በር ድረስ መጣ። ያንን ዝነኛ ዘፈኑን እንደ አዲስ ሊያወጡት ነው።

“ፋጡማ፣ ሙዚቃ ቤቱ ዘፈኑ መግቢያ ላይ ያለውን ሳል አጥፋው ብሎኛል። አንቺን ሳልጠይቅ አልነካውም” አለኝ።

ሳሉ የእህቴ የዘይነባ ነው። ባሕሪ ሰፈር በነበረችው ክፍላችን፣ ዳዊት መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ሲቀዳ አመለጣት። ዘፈኑ እንዳለቀ መብራት ጠፋ። “ኸላስ፣ በቃ፣ እንዳለ ይሂድ” አለ ዳዊት። ዘፈኑ በየረክሻው፣ በየባጃጁ ሲጮህ እሷ አፈር ለብሳ ነበር።

ወሎ ያለችው እናቴ ዘፈን ሐራም ነው ብላ አትሰማም። ይህን ዘፈን ግን ስልኳ ላይ አስጭናለች። ትከፍተዋለች፣ ልጇ ስትስል ትሰማለች፣ ጊታሩ ሲጀምር ታጠፋዋለች።