ቤትዎን አይሽጡ

…ጭልፋውን ከድስቱ ሳያወጡ ቀና ብለው "እግዚአብሔር ይመስገን!" ያሉት፣ ውድ እማማ ዙልሚራ፣ እሱ ድምፅ ነው ከጆሮዬ አልወጣ ያለው።

የመንፈስ ቅዱስ በዓል ነበር። ሰው ከአዳራሹ በር እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ተሰልፏል። እርስዎ ሽርጥዎን አስረው የሥጋውን ሾርባ በዳቦው ላይ ያፈሳሉ፤ እንፋሎቱ መነጽርዎን ሸፍኖታል። አንድ ሰውዬ ሳህኑን እንደ ዘረጋ ወደ ጓልተር ዞሮ፣ "ቤቱስ እንዴት ነው? ወለዱ አላቃጠላችሁም?" አለው። ባለቤቴ፣ ልጅዎ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ "የኛ ክፍያ ንቅንቅ አላለም" አለ። ያኔ ነው ያመሰገኑት። ከደስታዎ ብዛት ለሰውዬው አንድ ቁራጭ ሥጋ ጨመሩለት።

እኔ ከጀርባዎ ቆሜ የናና ቅጠል እበጥስ ነበር። እኔም አመሰገንኩ። ሦስታችንም፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አመሰገንን።

ደብዳቤ የምጽፍልዎት በስልክ ስለማይሆንልኝ ነው። ድምፅዎ ውቅያኖሱን አቋርጦ እዚህ ካናዳ፣ ሃሚልተን፣ እንዲደርስ ይመስል ይጮኻሉ። እኔ ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ "እሺ እሺ፣ ልጅቷን ሳሚልኝ" ይሉና ስልኩን ለእህትዎ ያቀብሏታል። እህትዎ ደግሞ ስለ ዳሌዋ ትነግረኛለች። ቀዶ ጥገናው በደንብ እንደ ተሳካ በሚገባ አውቄያለሁ። ስለዚህ ይህን ለጎረቤታችን ለፊሎሜና ሰጥቻታለሁ፤ ሐሙስ እርስዎ ወዳሉበት ደሴት ትበራለች። ወረቀት ሲናገር አያቋርጡትም። ደላላው አርማንዶ ደግሞ ቤትዎን ገበያ ላይ ለማውጣት እስከ ወሩ መጨረሻ የእርስዎን "እሺ" ብቻ እየጠበቀ ነው።

እሺ አይበሉት። መጀመሪያ ይህን ልጻፈውና ከዚያ ወደ ሌላው ልሂድ። ቤትዎን አይሽጡ።

እንዴት እዚህ እንደ ደረስን ለራሴ እንኳ በቅጡ መናገር የቻልኩት በቅርቡ ነው። ቤቱን ስንገዛ የወሰድነው ብድር ወለዱ ከገበያው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ነበር፤ በየወሩ የምንከፍለው ግን አይለወጥም። ወለዱ መውጣት ሲጀምር ጎረቤቶቻችን ጮኹ። የእኛ ክፍያ ዝም አለ። ዝምታውን እንደ ደኅንነት ቆጠርነው። ለካ ከምንከፍለው ላይ ወለዱ ድርሻውን እያሰፋ ኖሮ፣ መጀመሪያ ሙሉውን ዋጠው፤ በኋላም አልበቃው አለ። የጎደለው ከዋናው ዕዳ ላይ እየተደመረ፣ አንድም ወር ሳናጓድል ከፍለን፣ ከተበደርነው በላይ ባለዕዳ ሆንን።

አንድም ወር ሳናጓድል። ይህን ለባንኩ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ነገርኩት። በትሕትና ራሱን ነቀነቀ።

በዚያው ጊዜ የገበያው ውድነት አለ። የወይራ ዘይቱን ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ካስቀመጥኩ በኋላ "እሱ ይቅር" ማለትን ለመድኩ። የመኪናው ኢንሹራንስ፣ የጋዙ ክፍያ፣ የልጃችን የብሩና የክረምት ጫማ። ስለዚህ ሁሉ ለእርስዎ ምንም ተናግሬ አላውቅም። ግን ያን ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ በራችንን በክርንዎ እየገፉ መግባት ጀመሩ፤ በሁለት እጅዎ ጎመንና ድንች፣ በብብትዎ ሥር ጠርሙስ።

"ምን ልሁን ኢልዳ? ይሄ ጎመን ሊያብድብኝ ነው! ብቻዬን ልበላው ነው እንዴ? ጥንቸል አደረጋችሁኝ እኮ!"

"እማማ፣ ባለፈው ያመጡትም አለ።"

"እንግዲያው ሰነፍ ነሽ። ዘይቱንም ውሰጂልኝ፤ ሐኪሙ ቀንሺ ብሎኛል።"

ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር አላለዎትም። ሲሰጡ ሁልጊዜ እንደ ተበደለ ሰው ነው የሚሰጡት፤ ተቀባዩ ውለታ የዋለልዎት ይመስለዋል። በመስኮት ቆሜ ባዶ ቦርሳዎን እያወዛወዙ ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ አይዎት ነበር። ምን ያህል ያውቃሉ? ይህን እያሰብኩ ጎመኑን አጥባለሁ። አልጠየቅሁዎትም። አልነገሩኝም።

በመጨረሻ የነገርንዎት እሑድ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እርስዎ ቤት፣ ከምድር በታች ባለው ኩሽናዎ። ጓልተር ሳህኑን እያየ ጀመረ።

"እማዬ፣ የባንኩ ውል በሚያዝያ ይታደሳል። ክፍያው በግማሽ ሊጨምር ነው።"

"የማን ክፍያ?"

"የኛ።"

"ንቅንቅ አላለም ያልከው?"

"እሱው።"

ሹካዎን አስቀመጡ። "ስትፈርም ጆሮህን መኪናው ውስጥ ረስተኸው ነበር?"

"አስረድተውኛል። ወለዱ መልሶ ይወርዳል ብዬ…"

"ይወርዳል! ሰማሽው ኢልዳ? አባቱም ሎተሪው ይወጣልኛል እንዳለ ነው የሞተው።"

እኔ ሳቅኩ። ሳቄ ሌላ ሰው የሳቀው መሰለኝ። ጓልተር ግን አገጩ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እርስዎም አዩት። ወዲያው ወንበርዎን ጎትተው አጠገቡ አስጠጉና ድምፅዎን ዝቅ አደረጉ። "እኔስ? ያን ሁሉ ሰው ፊት ጭልፋ ይዤ ያመሰገንኩት እኔ አይደለሁም? ደደብ ከደደብ ተወለደ። ብላ፣ ዓሣው ይቀዘቅዛል።"

በሕይወቴ ብዙ ደግ ሰዎች አይቻለሁ። ሰው በተሳሳተበት ቦታ እንዲህ ፈጥኖ ወንበሩን የሚያስጠጋ ግን አላየሁም። ይህን ልነግርዎት ፈልጌ ውኃ ቀዳሁልዎት።

ዓሣውን እየበለቱ፣ ጨው አቀብሉኝ በሚሉበት ድምፅ፣ "ቤቴን እሸጠዋለሁ" ያሉት ከዚያ በኋላ ነው። "ለባንኩ ስጡትና ይረፍ። እኔን እናንተ ጋ አንድ አልጋ ትዘረጉልኛላችሁ።"

"እማዬ፣ ተይ።"

"ምኑን ነው የምተወው? የማን ቤት ነው?"

ጓልተር "ተይ" ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ጆሮው ቀላ፤ ዳቦውን ቆረሰ። እኔም አይሆንም አላልኩም። ለአፍታ ያህል፣ እማማ፣ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቀለል ሲለው ተሰምቶኛል፤ እርስዎ አምፖሉን እንኳ በራስዎ እጅ የሰቀሉበትን ቤት ዘርዝሬ የበላሁት መሰለኝ። 

ከዚያ ትልቁን ትሪ እንዳመጣ ላይ ላኩኝ።

ላይኛውን ኩሽናዎን ያውቁታል። ወንበሮቹ ከነፕላስቲካቸው፣ የምድጃው ውስጥ ገና ከነካርቶኑ። እኛ ምራቶች ስንገናኝ የምንስቀው በዚህ ነው፤ የሁላችንም አማት፣ ከላይ ለመታየት ብቻ የሆነ ኩሽና፣ ከታች ደግሞ የሚበላበት ኩሽና አላት። ትሪውን ይዤ ስወርድ ጭንቀቴን ለመሸፈን ቀለድኩ።

"እማማ፣ ያ ምድጃ እስከ መቼ ድንግል ይሆናል?"

አልሳቁም። ትሪውን ተቀብለው በጨርቅ እየወለወሉ፣ "ወለዱ ሃያ አንድ በመቶ የገባ ጊዜ ላዩን ለሁለት የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች አከራየነው" አሉ። "እኔና አባቱ ሄርሚኒዮ እዚህ ወረድን። ይሄ ወለል ያኔ ሲሚንቶ ነበር። ይሄን ጌታም የወለድኩት እዚሁ ነው።" በትሪው ጓልተርን አመለከቱት። "መስኮቱ የሚያሳየው የአላፊ አግዳሚውን እግር ብቻ ነው። አፉን ሲፈታ እማዬ ያለ መስሎሻል? 'ጫማ' ነው ያለው!"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ወለዱ ወረደ። ሰዎቹ ወጡ። ሄርሚኒዮ እንውጣ አለኝ፤ ወጣሁ። ሾርባ ልሠራ ብል እጄ ጨው ያለበትን አያውቀውም። ተመልሼ ወረድኩ።"

"በቃ?"

"በቃ። ምን እንድልሽ ፈልገሽ ነበር?"

ጓልተር ይህን ሁሉ ሲሰማ አንገቱን አላነሣም። ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት እንዳልሰማው ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ነገረኝ። አርባ ዓመቱ ነው። እርስዎም ምሬት እንዳይመስልብዎት ይሆናል ያልነገሩት፤ ወይም እንደ ታሪክ አልቆጠሩት ይሆናል። ሁለተኛው ይመስለኛል። እኔ ብሆን በየእሑዱ አወራው ነበር።

እርስዎ ወደ እህትዎ ከበረሩ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከቤታችን ምድር ቤት ሜትር ሲዘረጋና ሲሰበሰብ ሰማሁ። ጸጥ። ደግሞ ተዘረጋ። ወረድኩ። ጓልተር ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን ተንበርክኮ ግድግዳውን ይለካል።

"የብሩና አልጋ እዚህ ይገባል" አለ።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"እናቴ በሃያ አንድ በመቶ ወለድ ምድር ቤት ወርዳለች። እኔ በስድስት ልኮራ?" ከዚያ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ "ያን ቀን ሁለተኛ ጊዜ ተይ ልላት ይገባኝ ነበር፣ አይደል?" አለኝ።

"አዎ። እኔም።"

ሜትሩን በሌላው ጫፍ ያዝኩለት።

ላዩን አከራይተነዋል፣ እማማ። የከተማ አውቶቡስ የሚነዳ ትሬቨር የሚባል ሰውና ነፍሰ ጡር ሚስቱ ናዲን ናቸው። ናዲን ቤቱን ልታይ ስትመጣ የብሩናን ሥዕሎች ከማቀዝቀዣው ላይ ስነቅል አየችኝና፣ "ውይ፣ እናንተን አባረርናችሁ አይደል?" አለች። ጓልተር ቶሎ ብሎ፣ "ኧረ ባክሽ! እኛ ዘራችንም ከምድር ቤት ነው" አላት። ሳቀች። እኔ የነቀልኩትን ሥዕል የት እንደማስቀምጥ ጠፍቶኝ ይዤው ቆምኩ።

ባንኩም ብድሩን ሠላሳ ዓመት ላይ ዘርግቶልናል። ጓልተር "ብሩና ልጆቿን ይዛ የመጨረሻውን ክፍያ ታከብርልናለች" እያለ ይቀልዳል። ኪራዩና ደመወዛችን ተደምሮ ይበቃል። ዛሬ ይበቃል። ወለዱ ደግሞ ቢወጣስ? የምሠራበት የጥርስ ሐኪም ቢሮ የሥራ ቀኔን ቢቀንስብኝስ? እነዚህን እያሰብኩ በቆምኩበት ማንኪያዎቹን ከመሳቢያው አወጣለሁ፣ መልሼም እደረድራለሁ። እርስዎ ያኔ ሲሚንቶው ላይ ምን ያስቡ ነበር? ፈርተው ያውቃሉ? ሲመለሱ ይህን እጠይቅዎታለሁ። "ምን እንድልሽ ፈልገሽ ነበር" ቢሉኝም እንኳ እጠይቃለሁ።

እንደሚቆጡ አውቃለሁ። በእኛ ሰፈር የተሰጠን መመለስ ሳህን ፊት ላይ እንደ መወርወር ነው። ግን እርስዎ ሲወርዱ ማንም ቤቱን አልሸጠልዎትም። ወረዱ፣ ኖሩበት፣ ቤቱ የእርስዎ ሆነ። እኛም እንሞክረው። ካልቻልን እንነግርዎታለን፤ የዚያን ጊዜ አንዋሽዎትም። ይህን ቃል ጓልተርም አብሮኝ ይገባል፤ አጠገቤ ሆኖ አንብቦታል።

ለአርማንዶ ደውለው አይሆንም ይበሉት። በደንብ ጮኸው ይበሉት። የቤትዎ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ የቤት ውስጥ ተክሎችዎን አጠጣለሁ፣ የቧንቧው ውኃ በረዶ እንዳይሆን አያለሁ። እህትዎን በርቺ ይበሉልኝ። እወድዎታለሁ፤ ይህንንም በስልክ ሊያስጨርሱኝ አልቻሉም።

አሁን ትሬቨርና ናዲን የመጨረሻውን ሣጥናቸውን አስገቡ። ብሩና አዲሱ አልጋዋ ላይ ትዘላለች። ጓልተር ከደረጃው ሥር ቆሟል፤ አንድ እጁ መደገፊያው ላይ ነው። ናዲን ከላይ ብቅ ብላ፣ "የደረጃውን በር ልዝጋው ወይስ ክፍት ይሁን?" አለች።

ጓልተር ወደ እኔ አየ። እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ አላነሣሁም።

"ዝጊው" አላት።

ዘጋችው።

ኢልዳ