ወንዙ የሚጮህበት ቦታ

ጥር 6

ዛሬም ሦስት ተማሪ አስነዳሁ። አንዷ አደባባዩን ስትዞር ዓይኗን ጨፈነች... ለአስተማሪ የተሠራው ሁለተኛ ፍሬን በእኔ እግር ሥር ባይኖር ይህን የምጽፈው ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። መንዳት ማስተማር ይሄው ነው፤ ሌላው ይነዳል፣ እኔ እረግጣለሁ።

ማታ ልጃችን ደወለች። ካገባች ወዲህ ምክር በሽ በሽ ነው። ዘንድሮ እረፍታችሁን ቤት ውስጥ አትጨርሱት፣ መኪናችሁን ይዛችሁ ገጠር ለገጠር ዙሩ፣ ድንኳን ውስጥ እደሩ አለች። ባለቤቴ ወዲያው ተስማማች። እኔም ልቤ ዘለለ። ድንኳን ማለት አንድ ክፍል ነዋ!

ስልኩ ሲዘጋ «ቦታውን አንተ ምረጥ» አለችኝ። «ድንኳኑ ግን ሁለት ይሁን።»

ወይ ጉድ።

ጥር 7

እስቲ ዛሬ ልጻፈው፤ ማን ያየዋል? አንኮራፋለሁ። ማንኮራፋት ብቻ ከሆነ...

ልጅቷ ያገባች ሰሞን ባለቤቴ፣ ለአንድ ሳምንት የልጃችን ክፍል እደርልኝ፣ እንቅልፍ ልጥገብ አለችኝ። ፋርማሲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው፤ እንቅልፍ አጥቼ መድኃኒት ተሳስቼ ብሰጥስ ትላለች። እውነቷን ነው። ከምትሸጠው የጆሮ መድፈኛ ያልሞከረችው የለም፤ ሁሉንም አሸነፍኳቸው። ትራሴን ይዤ ወጣሁ። ሳምንቱ እስካሁን አላለቀም። ልጄ ግድግዳው ላይ የለጠፈቻቸው ድመቶች አፍጥጠው እያዩኝ አድራለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

አልተጣላንም እኮ። ብንጣላማ እንታረቅ ነበር። ናፍቃኛለች። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ መናፈቅ አለ እንዴ? አለ ለካ።

ጥር 10

መላው የመጣልኝ ምሳ ስበላ ነው፤ ከእኔ የበለጠ የሚጮህ ቦታ መፈለግ! ሰው ለእረፍቱ ጸጥታ ይፈልጋል፣ እኔ ጫጫታ ፍለጋ ስልኬ ላይ ተጥጄ ዋልኩ። አንደኛው ካምፕ ሐይቅ ዳር ነው፤ የቅጠል ኮሽታ እንኳ አይሰማበትም ይላል ማስታወቂያው። እዚያ ካደርንማ አለቀልኝ። ሌላው ኩሬ ዳር፣ እንቁራሪት የሞላበት። ባለቤቴ ደግሞ እንቁራሪት ባለበት ዝር አትልም።

የከባድ መኪና መንገድ ዳር ያለውን አሳየኋት። ከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምንሰማው አይበቃም ወይ አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ?»

ጥር 12

አገኘሁት! ወንዝ ዳር፣ ፏፏቴ ያለው። ፎቶው ላይ ውሃው አረፋ እየረጨ ይምዘገዘጋል። ለካምፑ ሰውዬ ደወልኩና ወንዙ ይጮኻል ወይ አልኩት። ኧረ ጋሼ፣ አይረብሽዎትም አለኝ። አይ፣ ይረብሸኝ አልኩ። ምን አሉኝ ጋሼ አለ። ደግሜ ጠየቅሁት። ይጮኻል አለ፤ ፈርቶኝ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ድንኳን አስይዤ ዘጋሁ።

ለባለቤቴ ዓይኔን በጨው አጥቤ የተረፈው አንድ ድንኳን ብቻ ነው አልኳት። እንዲህ ሰው የሚሻማበት ከሆነ ጥሩ ቦታ መሆን አለበት አለች። አመነችኝ?

ጥር 20

ደረስን። የነዳችው እሷ ናት። እኔ መንገዱን ሙሉ የሌለ ፍሬን ስረግጥ «እግርህን ሰብስብ» ስባል መጣሁ።

ወንዙስ? የታለ ወንዙ? ድንጋይ ብቻ! በድንጋዩ መሀል፣ በደንብ ካልተዘጋ ቧንቧ የሚወርድ የሚያህል ውሃ ይንጠባጠባል። ፎቶው የክረምት ነው ለካ። ክረምትና በጋ የሚባል ነገር እንዳለ እንዴት ይረሳል?

ሜዳው ላይ ከእኛ በቀር ሰው የለም። የካምፑ ሰውዬ እየሮጠ መጣና፣ እሷው ፊት፣ «ወንዙ ይጮኻል ወይ ያሉኝ እርስዎ ነዎት? አይዞዎት፣ አሁን ጭጭ ብሏል» አይልም! ድንኳንም እንደ ልብ ነው፣ ከፈለጋችሁ ሁለትም ሦስትም ልትከልላችሁ አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበር? ባለቤቴ ወንዙን አየች። እኔን አየች።

«አንድ ይበቃናል» አለችው።

ጥር 21

ዓይኔ በርበሬ መስሏል። አልተኛሁም፣ ሆን ብዬ። ወንዙ ከከዳኝ ምን ላድርግ? ጀርባዬ ሥር ድንጋይ ሸጉጬ፣ የትራፊክ ምልክቶችን በሙሉ በልቤ እየዘረዘርኩ አነጋሁ።

ደግሞ ጉድ ሰማሁ። ባለቤቴ ታንኮራፋለች! ቀስ ብላ ትጀምርና ዳገት በከባድ ማርሽ እንደሚወጣ የጭነት መኪና... ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ሳልሰማ ቀረሁ? እንዴት ልስማ፣ ቀድሜ የምተኛው እኔ! ሳቄ መጣ፤ ብርድ ልብሱን ነከስኩ። እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ ሳዳምጣት ነጋ። ደስ አለኝ፤ ሌላ ምን ልበል?

ጠዋት አንዴም አላንኮራፋህም አለችኝ። አየሩ ነው አልኳት። እንግዲያው ቤት ስንገባ ትራስህን መልስ አለች።

ደስታዬን የት ላድርሰው? ግን... ከእንግዲህ ዕድሜ ልኬን ነቅቼ ላድር ነው?

ጥር 23

ሌላ ካምፕ፣ ሌላ ጸጥታ። ሌሊት እጠብቃለሁ፣ ቀን መኪና ውስጥ እተኛለሁ። እሷ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋ ትነዳለች። መኪና ውስጥ ማንኮራፋት አይቆጠርም መቼም።

ጥር 26

ትናንት ቤታችን ገባን። ማታ ትራሴን ታቅፌ ወደ መኝታ ቤታችን፣ እንደ እንግዳ በሩን አንኳኩቼ ገባሁ። ነቅቼ ላድር ቆርጬ ነበር። ጋደም ከማለቴ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ነግቷል። ባለቤቴ ነጭ ጋዋኗን እየቆለፈች ነው፤ ዓይኗ ቀላ ብሏል። አለቀ አልኩ። ቀስ ብዬ ትራሴን አነሳሁ።

«ወንዙ ሌሊቱን ሞልቶ ነበር» አለች።

ዘዴዬን ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው አልኳት።

«ከከባድ መኪናው መንገድ ጀምሮ። ትራሱን ተወው።»

ማንኮራፋቱ ሲብስብኝ በእግሯ እግሬን ጫን ስታደርገው ዝም እላለሁ አለችኝ። ከዚያ እሷም ትተኛለች። ለካ እሷም ሁለተኛ ፍሬን አላት።

ፋርማሲዋ ስትሄድ እስከ በር ሸኘኋት። የልጄን ክፍል መስኮት ከፍቼ አልጋውን አነጠፍኩ። ድመቶቹን ተሰናበትኳቸው።

ወንዙ ከጎኑ የሚተኛ ገባር እንዳለው ግን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ምን ጠገብኩና!