የእሑዱ ሽማግሌነት

ዓርብ፣ ጥር 15 ቀን

የክርስትና ልጄን ዳዊትን ዛሬ በገዛ እጄ ከቡድኑ አስወጣሁት። የምሠራበት የእግር ኳስ ክለብ ውድ አጥቂ ገዝቶ ሊጉ ከፈቀደው የደመወዝ ጣሪያ አለፈ፤ ሂሳቡ ከጣሪያው እንዳያልፍ የምጠብቀው ደግሞ እኔ ነኝ። አትግዙ ብዬ ነበር፤ ማን ሰማኝ! ዛሬ ግን አለቃዬ "ማን ይቀነስ?" ሲል ዞሮ የመጣው እኔው ጋ ነው። ደጋግሜ አሰላሁት። ሕጉን የሚያሟላው የዳዊት መውጣት ብቻ ነው። ሰኞ ይነገረዋል፤ እስከዚያ ትንፍሽ ማለት አይፈቀድልኝም።

ወደ ቤት ስነዳ አባቱ ታምራት ደወለ።

"እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሬይኖልድስበርግ ከተማ፣ ዳዊት የሚያገባት ልጅ ወላጆች ቤት። ሽማግሌ ሆነህ ስትገባ ደግሞ እንደ ቢሮህ ፊትህን እንዳትቋጥር፤ ይከለክሉናል!"

"ሌላ ሰው ብትፈልግ አይሻልም?"

"ምን ነካህ? አባቷ 'ኳስ ደግሞ ሥራ ነው ወይ?' እያለ ነው አሉ። ኮንትራቱን ከምታውቀው ከአንተ በላይ ማን ይመልስለታል?"

"እንግዲህ..." ብዬ ጀመርኩ። እሺታ መሰለው፤ አመስግኖኝ ዘጋው።

ብቀር ቀድሜ ማወቄ ሰኞ ለሁሉም ይገባቸዋል። ብሄድ የሰው አባት ዓይኔን እያየ "ልጃችሁ በምን ይተዳደራል?" ይለኛል። እኔ ደግሞ በቁጥር ዋሽቼ አላውቅም።

ባለቤቴ ነጩን ሸሚዜን ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላዋለች። ዳዊትን የምንድረው እኛ የሆንን ያህል ደስ ብሏታል። ፊቴን አይታ "ምን ሆነሃል?" አለችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት። ይህች ውሸት ለእሑዱ መለማመጃ ትሆነኛለች።