ብስክሌት ብቻ የሚያልፍበት የአያቴ መንገድ

ለክቡር አቶ ዩቤር ሳቫሬ
የቫልሞዣን መንደር ከንቲባ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎም ከአዲሱ የኤሌክትሪክ ብስክሌትዎ ባትሪ የሚበልጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ኅሊናዬን የከበደው አንድ በደል አለና እናዘዛለሁ። ባለፈው ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ በአባቴ የብሎን መፍቻ፣ በነጩ መንገድ መገንጠያ ላይ ያስተከሉትን የብስክሌተኞች ቀስት ፈትቼ ወደ ግራ አዙሬዋለሁ። ብሎኖቹ ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱንም መልሼ በደንብ አጥብቄያለሁ። በሕዝብ ንብረት ላይ ግድየለሽ እንዳልነበርኩ ይመዝገብልኝ። ለምን እንዳዞርኩት ክቡርነትዎ እንዲረዱልኝ ነገሩን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ መንገዱ ማማር። በወይን ማሳዎቻችን መካከል የሚያልፈውን የጭቃ መንገድ ነጭ ጠጠር አልብሰው፣ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ወይን ለቀማ ማግስት ሞተር ያለው ነገር ሁሉ እንዳይደርስበት በመከልከልዎ፣ የሊዮን ከተማ ጥርስ ሐኪሞች ያለ አንዳች የመኪና ጫጫታ በተጣበቀ ሱሪ ሲንሸራሸሩ ለማየት በቅተናልና ምስጋናችን ወሰን የለውም። በተለይ የማደንቀው፣ ቅድመ አያቶቻችን የዝናቡን ውሃ ወደ ጎን እንዲያወጡ በየሃያ እርምጃው አግድም የሠሯቸውን የድንጋይ ቦዮች፣ የእንግዶችን መቀመጫ ያነጥራሉ ብለው ማስደፈንዎን ነው። የየካቲቱ ዝናብም መንገዱን እንደ እንግዶቹ ወዶት፣ ሳይነጥር፣ ሳይደናቀፍ፣ ቀጥ ብሎ ወርዶ አያቴ ማሳ ገባ፤ የላይኛውን አፈርም ጠርጎ ከታችኛው የድንጋይ አጥር ሥር ከመረው።

2. ስለ ጡረታ። አያቴን አንሴልም ጋሮን ያውቋቸዋል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሕጉ ለጡረተኛ ወይን ገበሬ ለራሱ የምትበቃ ትንሽ ማሳ ይተውለታልና፣ ሁለት ሺህ ካሬ ሜትር የማትሞላ፣ እናታቸው የተከሏት አንዲት ዳገት አለቻቸው። ከእርሷ ሌላ በጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳቸው ነገር የለም። በመንደራችን ዝናብ ያወረደውን አፈር ብርዱ ሳይወጣ መልሶ ወደ ላይ መውሰድ፣ ከበሉ በኋላ ሳህን እንደ ማጠብ ያለ ነገር ነው፤ ማንም አይኩራራበትም። በትራክተር የሁለት ቀን ሥራ ነው። ዘንድሮ ግን የላይኞቹ ወይኖች ሥሮቻቸው ተራቁተው ቀርተዋል፤ እንቡጡ ሳይፈነዳ አፈር ካልለበሱ ይደርቃሉ። ስለዚህ አያቴ ለቀብር የሚያደርጉትን ክራባት አስረው የትራክተር ይለፍ ሊጠይቁ ቢሮዎ መጡ። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ።

«ይለፍ የሚሰጠው ሥራ ላይ ላለ ገበሬ ነው፣ አንሴልም» አሉ ክቡርነትዎ።

«እኔስ ምን ላይ ነኝ?» አሉ አያቴ።

«እርስዎማ ጡረታ ላይ ነዎት። ይረፉ እንጂ። ደግሞ መንገዱ ለማንም ክፍት ነው እኮ፤ በብስክሌት ይሂዱ።»

አያቴ አመስግነው ወጡ። ደረጃው ላይ ቆም ብለው «አንዱ ዳሌዬ ብረት መሆኑን ሰምቶ ይሆናል፤ እንደ ብስክሌት ቆጠረኝ» ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ይህንንም እንደ ጉድለቴ ይቁጠሩልኝ።

3. ስለ ፎቶግራፉ። ትራክተሩ ሲከለከል፣ አያቴ በጀርባ የሚታዘለውን የአባታቸውን ቅርጫት ከጣሪያ ሥር አወረዱ። በአራት ቀን ሠላሳ አንድ ቅርጫት አፈር አወጡ። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳገቱ ወገብ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ቅርጫቱን ከትከሻቸው ማውረድ አቅቷቸው ነበር።

«ምን ሆኑ፣ አያቴ?» አልኳቸው።

«ምንም። እይታው ደስ ብሎኝ ነው።»

ፊት ለፊታቸው የነበረው ግንብ ነው። በሳምንቱ ያው የጎበጠ ጀርባቸው ቅርጫቱን እንዳዘለ ፎቶግራፍ ተነስቶ ማዘጋጃ ቤቱ ለጎብኚዎች በሚያሳትመው መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ፤ ከሥሩም «ቫልሞዣን፦ ጊዜ የማይቸኩልበት መንደር» ተብሎ ተጽፎበታል። ባህላችንን ጠብቀው ስላቆዩልን እናመሰግናለን። ባህላችን በአሁኑ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ካልሲውን ማውለቅ ስለማይችል የማወልቅለት እኔ ነኝ።

4. ስለ ቀስቱ። ከላይ የተናዘዝኩበት ቀስት ወደ ግራ ከዞረ በኋላ ብስክሌተኞቹን ቀጥታ ወደ አያቴ ግቢ ያመጣ ነበር። ሐሙስ ዕለት ትምህርት ስላልነበረን በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ አሥራ አንድ የሆላንድ ጡረተኞች ደረሱ። መንገድ እንደሳቱ በትሕትና አስረድቼ፣ እግረ መንገዳቸውን እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ከረጢት አፈር ዳገቱ ጫፍ ቢያደርሱልኝ ትክክለኛውን መንገድ እንደማሳያቸው ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ግን ጫኑ። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ላይ የደንብ አስከባሪያችን አቶ ኦክታቭ ላብ በላብ ሆነው ደረሱ።

«አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ብስክሌት ነው፣ አቶ ኦክታቭ።»

«አትቀልጅብኝ። ላዩ ላይ ያለውን ነው የምልሽ።»

«አፈር ነው። ሞተር የለውም።»

ደንቡን ከኪሳቸው አውጥተው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ስለ አፈር የሚል ነገር የለም። «የዚች ልጅ መጨረሻ ወይ ጠበቃ ነው ወይ እስር ቤት» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ቀስቱ ተስተካክሎ፣ በደንቡም ላይ «በብስክሌት ጭነት መጫን ክልክል ነው» የምትል አዲስ መስመር ተጨምራ አገኘኋት። አያቴ ከቢሮዎ ከተመለሱ በኋላ በጽሑፍ ያስገቡት ማመልከቻ ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ አጥቶ ሳለ ይህች መስመር በአንድ ቀን ተጽፋ መውጣቷ፣ ማዘጋጃ ቤታችን ሲፈልግ ምን ያህል ቀልጣፋ እንደሆነ ያስመሰክራል። የሆላንድ ጡረተኛ ለመዝናናት ሲወጣበት የሚከፈት መንገድ፣ የቫልሞዣን ጡረተኛ ሊሠራበት ሲል ለምን እንደሚዘጋ ግን ዕድሜዬ ለማወቅ አልደረሰም።

5. ስለምለምነው። በመጪው ሐሙስ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ቦዮቹ እንዲከፈቱ ይወስኑ፤ ለአያቴም ሁለት ቀን ይስጧቸው። ሰኞና ማክሰኞ ይሁን፣ ጥርስ ሐኪሞቹም ሥራ ላይ ናቸው። እንቡጡ አብጧል፤ ትናንት በእጄ ነክቼዋለሁ።

እንግዲህ ለመንደራችን እድገት ሲሉ ከሞቀ ወንበርዎ ባለመነሳት የከፈሉትን መሥዋዕትነት በማድነቅ፣ ዘመንዎ እንደ መንገድዎ ለስላሳ እንዲሆን በመመኘት፣ መጎንበስ በቤታችን የተለመደ ነውና በጥልቅ አክብሮት ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
ድምፅ ለመስጠት ሁለት ዓመት ከአራት ወር የቀራት፣
አፖሊን ጋሮ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህንን በእርሳስ የምጽፈው ደብዳቤዬን ልለጥፍ መጥቼ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው። እሑድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ስለሆነ መንደሩ በሙሉ ማዕድ ላይ ነው፤ ምሳ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ወንጀለኛን አይከታተልም። ለደብዳቤዬ ቦታ ስፈልግ፣ ከብስክሌት ደንብዎ ጎን አርብ ዕለት የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። የሚሸጥ የወይን መሬት፤ ስፋት፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ካሬ ሜትር፤ ሻጭ፣ አንሴልም ጋሮ፤ ለመግዛት የሚፈልግ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ያመልክት ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለዚህኛው እንኳን ይለፍ አልተጠየቁም፤ ማኅተምዎም በአንድ ቀን አርፎበታል። ስለዚህ ተራ ቁጥር 5ን ይለፉት፣ ክቡር ሆይ፤ ሐሙስ ቀደም ብለው ይበተናሉ። አሁን ከኋላዬ ሰው ስሜን እየጠራ ነው። እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር። ዞር ብዬ አየሁ፤ እርስዎ አይደሉም።

«አፖሊን» ይላሉ አያቴ። «አፖሊን፣ አታንብቢው።»