በአራት ዲግሪ የማይሸት ዶሮ

ለክቡር አቶ ቬንሴስላቭ ካራጎዞቭ
የከተማችን የዶሮ ሥጋ ማቀዝቀዣ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ አፍንጫዎ እንዴት ነው? ባለፈው ሰኞ ያን ዶሮ ይዤ ቢሮዎ ድረስ ብመጣ ሽታው ቅንጣት ታህል ስላልተሰማዎት፣ ቤተሰቤ በሙሉ እግዚአብሔር ምሕረቱን እንዲያወርድልዎ ሲጸልይ ሰንብቷል።

እኔ ካሜን ዱሽኮቭ፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር ጀልባ እየጠገንኩ የማድር ሰው፣ ይህን በአደባባይ የምጽፈው ምስጋናዬ በጆሮዎ ብቻ ቢነገር ስለሚያንስብዎ ነው።

አንደኛ፤ ጓሯችንን ስላጸዱልን እናመሰግናለን። ዶሮ ማርባት ለዘመናዊ ከተማ ነውር ነው ብለው ካስከለከሉን ወዲህ፣ የጴጥሮስን በዓል እንደ አባቶቻችን በጸደይ በተፈለፈለ አውራ ዶሮ ሳይሆን፣ እርስዎ ማኅተም መትተው በሚሸጡልን በድን እናከብራለን።

ሁለተኛ፤ ሻጭዎ ስለሰጡን ትምህርት እናመሰግናለን። ባለቤቴ ራድካ ለበዓሉ የገዛችው ዶሮ እጇ ላይ ቢዝለገለግባት ተመልሳ ጠየቀች። «አይ እትዬ፣ ብርዱ ያመጣው ላብ ነው፤ በሆምጣጤ እጠቢው» አሏት። ዶሮ ከሞተ በኋላ እንደሚያልበው እኛ መሃይሞቹ በምን እናውቃለን? በሆምጣጤ አጠበችው፣ በነጭ ሽንኩርት አሸችው፣ ሩዝ ሞልታ በድስት ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

ሦስተኛውን በእርጋታ ልጽፈው ሞክሬ አልቻልኩም። ካሜን ማለት እንደ ጴጥሮስ ሁሉ ድንጋይ ማለት ነውና፣ ካሜን የሚባል ሁሉ የስሙን ቀን የሚያከብረው በጴጥሮስ ነው፤ በስም ቀን ደግሞ እንግዳ አይጠራም፣ በሩ ክፍት ነው፣ የፈለገ ይመጣል። በእናታችን ወይን ቦታ ሰበብ ተጣልተን ለዓመታት ሰላምታ የነሳኝ ታላቅ ወንድሜ ጌንቾ፣ ሳይለመንና ሳያፍር ቤቴ ሊገባ የሚችልበት ቀን ያ ብቻ ነው። ዘንድሮ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ። ራኪያ የምንለውን አረቄያችንን ቀዳሁለት። ራድካ የድስቱን ክዳን ስታነሳ ግን የእርስዎ ዶሮ ከሁላችንም ቀድሞ ተናገረ።

«ለኔ ያስቀመጥከው ይሄን ነው?» አለኝ ጌንቾ። «ከጠላኸኝ ዳቦና ጨው ይበቃኝ ነበር! ለውሻ የማይሰጥ ታቀርብልኛለህ?»

«ወንድም ጋሼ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ፣ ከነማኅተሙ የተገዛ ነው!» ብል ማን ይስማኝ። ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

አራተኛ፤ ስለ ሰኞው መልስዎ እናመሰግናለን። «ቴርሞሜትሩ አራት ዲግሪ ይላል። በዚህ ብርድ ምን ተሕዋስ ይኖራል? ሽታው ያለው አንተ አፍንጫ ውስጥ ነው» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ የትኛውም የእንስሳት ሐኪም እንደሚነግርዎ ብርድ የሚስማማቸው ባክቴሪያዎች አሉ፤ ማቀዝቀዣ ያዘገያቸዋል እንጂ አይገድላቸውም። ጊዜ ካገኙ ሥጋውን ያዝለገልጉታል፣ ያገሙታል። ጊዜ ደግሞ እርስዎ አልነፈጓቸውም። እኛስ ብንሆን ዳኑብ በረዶ ሲሠራ ከዚያ በከፋ ብርድ እየኖርን እንወልድ የለም? በቀዝቃዛ ቤት ተቀምጦ የሌላውን ሥጋ እየበሉ መራባት እንደሚቻል፣ ከሰው ሁሉ መርጦ እርስዎ እንዴት ይጠፋዎታል?

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዶሮው የተበላሸው በእርስዎ ቤት እንጂ በእኔ ተንኮል እንዳልሆነ ለወንድሜ ይጻፉልኝ። ለበድን ያልሰሰቱትን ማኅተም ለአንድ እውነት አይሰስቱ። የሚቀጥለውን ጴጥሮስ ብቻዬን መቀመጥ አልፈልግም።

አክብሮቴ እንደ ዶሮዎ የቀዘቀዘ፣ እንደ ዶሮዎም ብዙ የቆየ መሆኑን እያረጋገጥኩ፣

የዘወትር ደንበኛዎ
ካሜን ዱሽኮቭ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማኅተሙን ይተዉት። ደብዳቤውን ሳላሽገው ጌንቾ በሬን አንኳኳ። ሚስቱ እሷም ከእርስዎ የገዛችውን ዶሮ ከማቀዝቀዣ ብታወጣው ያው ሆኖ ጠበቃት። መሬት መሬት እያየ፣ «ያንተም እንዲህ ነበር እንዴ የሸተተው?» አለኝ። «የኔስ ላብ ነው ተብሏል» ስለው ሳቅ አሸነፈው፤ እኔ ግን አለቀስኩ። ከዚያ የእሱን ዶሮ በቅርጫት አድርገን፣ አንዱን ጆሮ እሱ ሌላውን እኔ ይዘን ቢሮዎ መጣን። ለምሳ ስለወጡ ምግብዎን በሚያስቀምጡባት ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከጠርሙሶቹ ጀርባ ትተንልዎታል። ቴርሞሜትሯን አይተናል፤ አራት ዲግሪ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋልና፣ ሳይሻሩ ይብሉት።