ጨፌውን የከፈትሁበት ቀን

ይድረስ ለልጄ እናት ለየውብዳር።

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እኔ እናገራለሁ፣ መሪጌታ ይጽፋሉ። እንዳያሳምሩብኝ ነግሬያቸዋለሁ።

ቤቱ ቆሟል፤ ክዳኑን አድሼዋለሁ። ጣሊያን አሁንም ደብረ ማርቆስ ነው።

የምነግርሽ የይስማውን ነገር ነው። ልጅሽ አንቺ በተቀበርሽ ሰሞን ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ። በዚህ በጋ መግቢያ ከጓደኞቹ ጋር እኛው ጨፌ፣ በምዕራብ በኩል ካለው ሸምበቆ መሳይ ፊላ ውስጥ ተደበቀ። ስንቁን የማደርሰው እኔ ነበርሁ።

ያን ጊዜ አንድ አይሮፕላን ጨፌው ላይ ዝቅ ብሎ ይዞር ጀመር። ቦምብ አልጣለም። አምበር ገበያ የጣሊያን አስተርጓሚ ሲያወራ ሰማሁት፤ ውስጡ የተቀመጠው ፈረንጅ የውሃ ወፍ ቆጣሪ ነው አለ። ይብራውንም ሽመላውንም ከሰማይ ሆኖ ይቆጥራል። ያገሩ ዶሮ አልቆበት ነው ወይ ብሎ ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አስተርጓሚው ቀጠለና፣ በምዕራቡ ፊላ አንድም ወፍ አለማረፉ ፈረንጁን ገርሞታል፣ ነገም ባዶ ካየው ወታደር ይልካል አለ። ሳቄ እዚያው ቀረ። ሰው ባለበት ወፍ አያርፍም።

ጨፌው እስከ ጥምቀት ጥብቅ ነው፤ ከብት አይገባበትም። ጠባቂው ደግሞ እኔ። ለገባች አንድ ጥጃ ወንድምሽን የቅጣት በግ አሳርጄው ጾሙን ሙሉ አኩርፈሽኛል። ዛሬም ቢሆን አሳርደዋለሁ። ከገበያው ማግስት ግን ጎህ ሲቀድ ያገሩን ከብት ራሴ ነድቼ አስገባሁት። ወንድምሽ ዳር ቆሞ፣ አንተንስ ማን በግ ያሳርድህ አለኝ። በሬህን ንዳ አልሁት። ነዳ።

አይሮፕላኑ ሲመጣ ከብቱ ጨፌውን ከዳር እስከ ዳር ያተራምሰዋል። ያረፈ ወፍ የትም የለም፤ ሁሉም አየር ላይ ነው። ፈረንጁ ባዶውን ከባዶው በምን ይለየው? ዞረ፣ ዞረና ሄደ። ይስማውም ሲመሽ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ።

ሳሩ ተረግጦ ከብቱ ከሳ፤ ላምሽም ነጠፈች። ሽማግሌዎቹ ጥብቅ ሰበርህ ብለው ከጠባቂነት ሻሩኝ። ምክንያቱን ብናገር ባንዳ ይሰማል፤ ዝም አልሁ። አንገቴን ግን አልደፋሁም።

ከደጀን የመጣ ነጋዴ ልጅሽን በሕይወት አይቶታል። ጢም አብቅሏል አሉ። ብታዪው መጀመሪያ ተላጭ ነበር የምትይው።

ተዝካርሽን ገና አላወጣሁም። ሰው ያማኛል፤ ይማኝ። እንግዳ የሚቀበለው ልጅሽ ነው፤ እሱ ሳይገባ ዳስ አልጥልም። እስከዚያው በየሰንበቱ ቅዳሴ ላይ የክርስትና ስምሽ ሲጠራ ቆሜ እሰማለሁ። ካህኑ የዘነጉ ቀን እኔ ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ።