መጋዙን ማን አስነሳው?

ሰኞ

ዛሬም አልነሳ አለ። አሥራ አራት ጊዜ ጎተትኩ። ሞተር መጋዙ ደህና ነው፤ የከዳኝ ቀኝ ትከሻዬ ነው። ባለፈው ስቆርጥ ግንድ ከመታኝ ወዲህ ገመዱን በሳብኩ ቁጥር እሳት ይበላኛል። ለማንም አልተናገርኩም። መጋዙ የእኔና የሚስቴ ወንድም የይርጋ የጋራ ነው። ካወቀ ሌላ ቆራጭ ያስገባል። ባሕር ዛፍ ካልቆረጥኩ እኔ ምንድን ነኝ?

«ምነው?» አለኝ ይርጋ። ቤንዚኑ ውኃ ገብቶበታል አልኩት። አተኩሮ አየኝ። አስተያየቱን አልወደድኩትም።

ማክሰኞ

መጋዙ ሲነሳ የሞተሩን እመቃ አስተንፍሳ ገመዱን የምታቀል፣ በጣት የምትጫን ቫልቭ አለችው። ፈታኋት፤ ለካ ቀዳዳዋ በጥቀርሻ ተደፍኗል። በኪሴ ይዣት ወገዳ ከተማ ወረድኩ። ለይርጋ ገበያ ነው ያልኩት። ብየዳ ቤት በቀጭን የመብሻ ፑንታ ቀዳዳዋን ትንሽ አሰፋንላት። ባለ ብየዳው ካበዛነው ስትዘጋ አትገጥምም፣ የሞተሩን ጉልበት ታፈሳለች ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ተመልሼ ገጠምኳት። በሁለተኛው ተነሳ። በግራ እጄ!

ረቡዕ፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ ስመለስ መጋዙ ከቦታው ዞሯል። የጭስ ማውጫውን፣ ማርሚታውን ነካሁት፤ ትኩስ ነው። በበዓል ቀን!

ይርጋ ነው። ሌላ ሰው አምጥቶ እያስሞከረ ነው። ለማንም እንዲነሳ አድርጌ ያመቻቸሁት ደግሞ እኔው! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ሚስቴን ጥሩወርቅን ወንድምሽ መጥቶ ነበር ወይ አልኳት። «እኔ እንጃ» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። እሷም ትደብቅለታለች ማለት ነው።

ሐሙስ

መጋዙን ትቼ የምሄድ መስዬ ከገብሱ ክምር ጀርባ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ጮኸ። ሮጥኩ።

ጥሩወርቅ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ በእግሯ መያዣውን ረግጣ።

በሚካኤልም አንቺ ነበርሽ? አልኳት። «ማስነሳት ሥራ ነው እንዴ? እንጨት አልነካሁ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ሸሚዝህን ስታወልቅ ጥርስህን ስትነክስ አያለሁ። ገመዱን እኔ ልሳብልህ ብዬ ነው።»

አፈርኩ። በሆዴ ስንቱን አልኳቸው!

ዓርብ

ለይርጋ ስለ ትከሻዬ ነገርኩት። ለካ እሱም ሲጠረጥረኝ ሰንብቷል። «ወገዳ የወረድከው መጋዙን የሚገዛ ልትፈልግ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለኝ። ጥሩወርቅ በሁለታችንም ሳቀች።

ሰኞ ሐኪም ዘንድ ይወስደኛል። እስከዚያ ዛፍ አንነካም ብሏል፤ ስለ ሌላ ቆራጭም ምንም አላለም። ትከሻዬ ይዳን አይዳን እንጃ።